«ጋሼን ላለማስቀየም ብዬ ልፈርም?»

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 23 ነው፤ ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ተጫዋች ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የአራት ዓመት ውል ፈረምኩ። በቤታችን ማንም አይቶት የማያውቅ ገንዘብ በአንዴ እጄ ገባ። መጀመሪያ ለእናቴ ቤት ገዛሁ። የቀረውን የሚያስተዳድሩልኝ የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አባቴ ካረፈ በኋላ ታኬታ እየገዙ፣ ልምምድ እያመላለሱ ለዚህ ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። 18 ዓመት ሲሞላኝ ሙሉ ውክልና ሰጠኋቸው።

አምና ካጠራቀምኩት ግማሽ ያህሉን ‹በዓመት 30 በመቶ የተረጋገጠ ትርፍ አለው› ብለው አንድ የሪዞርት ግንባታ ውስጥ አስገቡልኝ። እስካሁን ሳንቲም አላየሁም። ግንባታው ዘግይቷል ይላሉ። አሁን ደግሞ ለማጠናቀቂያ የባንክ ብድር ስለሚያስፈልግ ዋስ ሆኜ እንድፈርም ጠየቁኝ። ‹ለፎርማሊቲ ነው እንጂ ካንተ ኪስ ምንም አይወጣም። ካልፈረምክ ግን የገባውም ገንዘብ ይቀልጣል› አሉኝ። ከቡድናችን ሁለት ልጆች ፈርመዋል። ወረቀቱ ለዓርብ ይፈለጋል። እናቴ ‹ጋሼህን እንዳታሳፍራቸው› ትላለች። እኔም ውለታ ቢስ መባልን ፈርቻለሁ። ግን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ላድርግ?»

መልስ

ወንድሜ፣ ዓርብ አትፈርም።

ሌላውን ሁሉ ተረጋግተን እናየዋለን። ይህ ግን ቀን ስላለው አስቀደምኩት።

«ለፎርማሊቲ ነው» የተባልከው እውነት አይደለም። ባንክ ለጌጥ ብሎ ፊርማ አይሰበስብም። ዋስ ማለት ተበዳሪው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ብሎ የታሰረ ሰው ነው። እስቲ ነገሩን ከባንኩ ወንበር ሆነህ እየው። የሪዞርቱን ዕቅድ አየ፣ መሬቱን አየ፣ ሒሳቡን አየ። ከዚያ «ይህ ብቻውን አይበቃኝም፣ ደመወዝ ያለው ሰው ይፈርምልኝ» አለ። የባለሙያ አስተያየት በነጻ ደርሶሃል ማለት ነው። ብድር መስጠት ሥራው የሆነ ተቋም ያላመነውን ፕሮጀክት፣ ኳስ መጫወት ሥራህ የሆነው አንተ ለምን ታምነዋለህ?

ወረቀቱን ስትቀበል ደግሞ ልብ በል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰነድ የሚመጣው ልምምድ አልቆ፣ ሰውነት ዝሎ፣ መኪና ውስጥ ልትገባ ስትል ነው። የሚፈረምበት ቦታ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ገጹ ተገልጦ፣ እስክሪብቶው ተከፍቶ ነው የሚቀርብልህ። አንተ ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምር። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ፈልግ። እሱ ካለ ባንኩ ከሦስታችሁ ኪሱ ደህና የሆነውን መርጦ ሙሉውን ዕዳ ከእሱ ብቻ መጠየቅ ይችላል። ሁለቱ ጓደኞችህ መፈረማቸው ሸክምህን በሦስት አይከፍለውም። እንዲያውም እነሱ ቢጎዱ ወይም ቡድን ቢያጡ የሚፈለገው ያንተ በር ነው። ቀጥሎ ዋስትናው የገንዘብ ጣሪያ እንዳለው እይ። ወለዱን፣ ቅጣቱን፣ የወደፊት ተጨማሪ ብድሮችን ሁሉ የሚሸፍን ከሆነ መጨረሻው የት እንደሆነ ማንም አያውቅም። በስምህ ያለ ንብረትም ለዚህ ዕዳ ሊፈለግ ይችላል። ለእናትህ የገዛኸው ቤት በማን ስም ነው ያለው?

የገባው ገንዘብና ዋስትናው አንድ ዓይነት አደጋ አይደሉም። ሪዞርቱ ቢከስር ያስገባኸው ገንዘብ ይጠፋል። ያማል፣ ግን እዚያ ላይ ያበቃል። ዋስትና ግን ገና ያላገኘኸውን ደመወዝ ጭምር አስይዞ ነው የሚሄደው። ብዙ ስፖርተኛ ሙልጭ ብሎ የወጣው በገንዘቡ ስለቀለደ ብቻ አይደለም። በፊርማው ነው።

አንቷን ዎከርን እንውሰድ። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ተጫዋች ነበር፤ በ2006 ከማያሚ ሂት ጋር ሻምፒዮን ሆኗል። በተጫዋችነት ዘመኑ ያገኘው ደመወዝ ከ108 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መኪኖቹና ስለ ቁማሩ ነው። እነሱም ነበሩ። ትልቁን ጉድጓድ የቆፈረው ግን በቺካጎ የገባበት የቤትና የሕንፃ ንግድ ነው። ለብድሮቹ በግሉ ዋስ ሆኖ ፈረመ። በ2008 የቤት ገበያው ሲወድቅ አበዳሪዎቹ ሕንፃዎቹን ትተው ወደ እሱ ዞሩ። በ2010 የኪሳራ ማመልከቻ ሲያስገባ ንብረቱ 4.3 ሚሊዮን ዶላር፣ ዕዳው 12.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሻምፒዮንነት ቀለበቱ ሳይቀር ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ወጣት ስፖርተኞችን ስለ ገንዘብ ሲያስተምር ቆይቷል።

«እኔ እንደ እሱ አባካኝ አይደለሁም» ትል ይሆናል። ቲም ደንካንም አልነበረም። አምስት ጊዜ የኤንቢኤ ሻምፒዮን የሆነ፣ ዝምተኛ፣ ትርኢት የማይወድ ሰው ነው። ሙያውን ሲጀምር የያዘው የገንዘብ አማካሪ ቻርልስ ባንክስ ይባላል። ለዓመታት አብረው ሠሩ፣ ተማመኑ። በ2012 ደንካን ባንክስ ራሱ እጁ ላለበት የስፖርት ዕቃ ድርጅት 7.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። በዓመቱ ደግሞ ለዚሁ ድርጅት የ6 ሚሊዮን ዶላር የባንክ ብድር ዋስ ሆነ። አየህ፣ ቅደም ተከተሉ ካንተ ጋር አንድ ነው፤ መጀመሪያ ገንዘብ፣ ከዚያ ፊርማ። ነገሩ የታወቀው በፍቺ ምክንያት ሒሳቡ በሌላ ባለሙያ ሲመረመር ነው። ባንክስ በ2017 ጥፋቱን አምኖ አራት ዓመት ተፈረደበት።

አሁን ጋሼ ሌባ ናቸው እያልኩህ አይደለም። በደብዳቤህ ላይ ያየኋቸው ጋሼ የሟች ጓደኛቸውን ልጅ አንስተው ለዚህ ያበቁ ሰው ናቸው። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አይደለም። ግምቴን ልንገርህ፤ ጋሼ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ነገር ውስጥ ገብተዋል። አንድ አፈ ጮሌ አሳምኗቸዋል። ያንተን ገንዘብ አስገብተዋል፣ ምናልባት የራሳቸውንም ጨምረዋል። አሁን ጉድጓዱን ለመድፈን ሌላ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው። ጭንቀታቸው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ባንኩ ግን ዕዳውን ሲጠይቅህ ጋሼ ቅን ነበሩ ወይስ አታላይ ብሎ አይጠይቅም።

ስለ 30 በመቶው ላውራህ። በዓመት 30 በመቶ ትርፍ ማለት 1 ሚሊዮን በሦስት ዓመት ከ2 ሚሊዮን ያልፋል፣ በ10 ዓመት ወደ 14 ሚሊዮን ይጠጋል ማለት ነው። ይህን በእርግጠኝነት የሚያስገኝ ሥራ በእጁ ያለ ሰው የ23 ዓመት ኳስ ተጫዋች ምን ያደርግለታል? ከባንክ ተበድሮ ትርፉን ለብቻው ይበላዋል እንጂ ለማንም አያካፍልም። ሌላም አለ። ግንባታ ላይ ያለ ሪዞርት እንግዳ አያስተናግድም። እንግዳ ከሌለ ገቢ የለም። ታዲያ በመጀመሪያው ዓመት ሊከፈልህ የነበረው 30 በመቶ ከየት ሊመጣ ነበር? ቢከፈልህ ኖሮ ካንተ በኋላ ገንዘብ ካስገቡ አዲስ ሰዎች ኪስ ነበር የሚወጣው። እንዲያውም አለመከፈልህ ሳይሻል አይቀርም። ተከፍሎህ ቢሆን የቀረውን ግማሽም ትጨምር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አንተ ትርፍ ማሳደድ አያስፈልግህም። ለምን እንደሆነ ከሒሳቡ ታየዋለህ።

ነገሮች ሁሉ ቢቀኑህ እስከ 33 ወይም 34 ትጫወታለህ እንበል። ከዚያ በኋላ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለህ። ዊሊያም ቤንገን የተባለ አሜሪካዊ የገንዘብ አማካሪ በ1994 አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ሥራ ያቆመ ሰው ከጥሪቱ በየዓመቱ ስንት ቢያወጣ ነው ገንዘቡ ሳያልቅበት የሚኖረው? የአሜሪካን የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ መረመረ። መልሱ በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ፣ ከዚያ ያንኑ መጠን ከዋጋ ንረት ጋር እያስተካከሉ ማውጣት የሚል ነበር። እሱ ያሰበው ግን 30 ዓመት ለሚቆይ ጡረታ ነው። ያንተ ጡረታ ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ ወደ 3 በመቶ ዝቅ አድርገህ አስብ። በዓመት 3 እያወጣህ ለመኖር 100 ተቀምጦ ሊጠብቅህ ይገባል ማለት ነው። አሁን ያለህን ገንዘብ በዚህ መስፈሪያ ለካው። ብዙ የመሰለህ ገንዘብ ድንገት ልከኛ ሆኖ ይታይሃል። ግማሹ ደግሞ ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ነው።

ገንዘብህ በእጥፍ ቢያድግ ኑሮህ ምን ያህል ይለወጣል? አሁንም ቤት አለህ፣ መኪና አለህ፣ እናትህ ደህና ናት። ቢጠፋ ግን ሁሉ ነገር ይለወጣል። ትርፉና ኪሳራው ለአንተ እኩል አይመዝኑም። ደግሞም ትልቁን ቁማር አስቀድመህ ተጫውተኸዋል፤ ገቢህ በሙሉ የተንጠለጠለው በሁለት ጉልበቶች ላይ ነው። አንድ የፊት መስቀለኛ ጅማት ቢበጠስ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ከሜዳ ትርቃለህ። ያኔ አዲስ ውል የመደራደር አቅምህ አብሮ ይቀንሳል። ሥራው እንዲህ አደገኛ የሆነ ሰው ገንዘቡ አሰልቺ ቦታ መቀመጥ አለበት። አንዳንድ አማካሪ ይህን ሲሰማ «ወጣት ስለሆንክ ሪስክ መውሰድ አለብህ» ይልሃል። ያ ምክር እስከ 60 ዓመቱ ደመወዝ ለሚያገኝ መሐንዲስ ይሆናል። አንተ በሙያህ ሽማግሌ ለመሆን አሥር ዓመት ነው የቀረህ።

ስፖርተኞች ስለሚከስሩበት ነገር ስታነብ «78 በመቶው ይደኸያል» የሚል ቁጥር በየቦታው ታገኛለህ። ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2009 ያወጣው ነው። ስለ አሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ሲሆን፣ የከሰሩትን «የገንዘብ ጭንቀት» ካለባቸው ጋር ደምሮ የቆጠረ ነው። እኔ አላምነውም። በ2015 የወጣ የኢኮኖሚስቶች ጥናት የተሻለ ነው። ከ1996 እስከ 2003 ወደ ሊጉ የተመረጡትን ተጫዋቾች ተከታትሎ፣ መጫወት ካቆሙ በ12 ዓመት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ኪሳራ ያወጁት 16 በመቶ ያህል እንደሆኑ አገኘ። ቁጥሩ ከ78 በጣም ያንሳል። የሚያስደነግጠው ሌላው ግኝት ነው። ብዙ ያገኙትና ረጅም ጊዜ የተጫወቱት ትንሽ ካገኙት በዚህ ረገድ ብዙም አልተሻሉም። «ቀጣዩ ውል ትልቅ ስለሚሆን ይካካሳል» የሚለው ሐሳብ ወደ ጭንቅላትህ ሲመጣ ይህን አስታውስ።

ማንም ሳያታልልህም ገንዘብ ይጠፋል። የቤዝቦሉ ከርት ሺሊንግ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ነበር። የቪዲዮ ጌም ፍቅር ስለነበረው የራሱን ድርጅት ከፈተ። ከገዛ ኪሱ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዳስገባ ተናግሯል። የሮድ አይላንድ ግዛት ደግሞ ለ75 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነለት። በ2012 ድርጅቱ ከሰረ። ጌም ሠርተዋል፣ ለገበያም አቅርበዋል፤ ያም አላዳናቸውም።

ሪዞርቱ ውስጥ የገባው ገንዘብስ? «ካልፈረምክ የገባውም ይቀልጣል» የሚለው ነው ብዙ ሰው የሚጥለው። ሰው የጠፋውን ለማዳን ብሎ ያልጠፋውን ይጨምራል። እስቲ ጥያቄውን ገልብጠው። ዛሬ አንድም ሳንቲም ያላስገባህበት እንግዳ ፕሮጀክት ቢሆን ዋስ ትሆነው ነበር? አትሆንም። ያ ከሆነ የአምናው ገንዘብ መልሱን አይቀይረውም።

እሱን ለማዳን መንገዱ ሌላ ነው፤ ወረቀት መጠየቅ። የተፈራረማችሁት ውል የት ነው? አክሲዮን ነው ወይስ ብድር? በማን ስም ነው? ገንዘቡ ከሒሳብህ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ገባ ወይስ በጋሼ ወይም በሌላ ሰው ሒሳብ በኩል አለፈ? የባንክ ማስተላለፊያው ይናገራል። መሬቱ የድርጅቱ ነው? ሌላ ዕዳ አለበት? በኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ አለ? ጋሼ ገንዘብህን በማስገባታቸው ኮሚሽን አግኝተዋል? የመጨረሻው ጥያቄ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ጠበቃ ይጠይቅልህ። የእሱ ሥራ ማፈር አይደለም። ሰነዶቹ በሳምንት ውስጥ ካልመጡ ያ ራሱ መልስ ነው።

ጠበቃውን አንተ ፈልገህ፣ አንተ ከፍለህ ያዝ። ጋሼ፣ ኤጀንትህ ወይም የሪዞርቱ ሰዎች የሚያመጡልህ ጠበቃ አይሆንም።

አሁን ወደ ውክልናው። እውነቱን ለመናገር ከሪዞርቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በ18 ዓመትህ የሰጠኸው ሙሉ ውክልና ካልተሻረ፣ አንተ ዓርብ አልፈርምም ብትልም በስምህ ሊፈረም የሚችልበት መንገድ ሊኖር ይችላል። ወረቀቱ ምን ምን እንደሚፈቅድ ጠበቃው ያንብበው። መሸጥ፣ መበደር፣ ዋስ መሆን የሚሉ ቃላት ካሉበት ከማንም ጋር ከመከራከርህ በፊት ሻረው። መሻሩንም ለባንክህ በጽሑፍ አሳውቅ፣ የደረሰበትን ማረጋገጫም ያዝ። በአፍ የተነገረ ነገር ባንክ ቤት ውስጥ ዋጋ የለውም።

ከዚህ በኋላ ገንዘብህን የሚያማክር፣ ገንዘብህን የሚያስቀምጥና ሒሳብህን የሚመረምር ሰው አንድ መሆን የለበትም። መረጃው ከገንዘብ አስቀማጩ በቀጥታ ወደ ስልክህ ይምጣ እንጂ በአማካሪው እጅ አይለፍ። የዩሴን ቦልትን ነገር ሰምተህ ይሆናል። ከአሥር ዓመት በላይ ደንበኛ በሆነበት የኪንግስተን ኢንቨስትመንት ድርጅት ውስጥ 12.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበረው። በ2023 መጀመሪያ ጠበቆቹ የቀረው 12 ሺህ ዶላር ገደማ እንደሆነ ተናገሩ። በዓለም ላይ ከእሱ የፈጠነ ሰው የለም፤ ገንዘቡ ግን ቀድሞት ሄደ። (ቀልዱን ይቅር በለኝ።)

«እኔ ካንተ ምንም አልፈልግም፣ ለፍቅር ብዬ ነው» የሚልህንም ፍራ። ፔጊ ፉልፎርድ የምትባል ሴት እንደ ዴኒስ ሮድማንና ሪኪ ዊሊያምስ ያሉ ታዋቂ ስፖርተኞችን ሒሳብ ይዛ ነበር። ሃርቫርድ ተምሬያለሁ ትል ነበር፤ ውሸት ነው። ሀብታም ስለሆንኩ ክፍያ አልፈልግም ትል ነበር፤ እሱም ውሸት ነው። በ2018 አሥር ዓመት ተፈረደባት። ባለሙያ ክፍያው በግልጽ የተጻፈ ይሁን። በሰዓት ወይም በዓመት ይህን ያህል ብሎ የሚያስከፍልህ ሰው፣ አንተ የሆነ ነገር በገዛህ ቁጥር ከሻጩ ኮሚሽን ከሚቀበል ሰው ይሻላል።

የቀረው ግማሽ ገንዘብህ የት ይቀመጥ? እዚህ ላይ አጭር ነኝ፣ ምክንያቱም መልሱ አሰልቺ ነው። መጀመሪያ ግብርህ ተከፍሎ ይለቅ። የሁለት ዓመት ወጪህን በፈለግኸው ጊዜ በምታወጣበት የባንክ ሒሳብ አድርግ። የቀረው በመንግሥት ቦንድና በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎችን አክሲዮን ባንድ ላይ በሚይዝ ዝቅተኛ ክፍያ ባለው ፈንድ ይከፋፈል። በጓደኛ ፊት የምትኮራበት አይደለም። መልበሻ ክፍል ውስጥ «ቦንድ ገዛሁ» ብትል ማንም ዞር ብሎ አያይህም። ይሁን።

ራስህን የማታምን ከሆነም መላ አለ። የኤንቢኤው አለን አይቨርሰን ከጫማ አምራቹ ሪቦክ ጋር ባደረገው ውል ውስጥ፣ በሰፊው እንደተዘገበው፣ 55 ዓመት እስኪሞላው የማይነካው 32 ሚሊዮን ዶላር በአደራ ተቀምጦለታል። እስከዚያ በየዓመቱ 800 ሺህ ዶላር ይከፈለዋል። ሌላው ገንዘቡ እንዴት እንደሄደ ዓለም አውቆታል። ይሄኛው ግን አለ፣ ምክንያቱም እሱም ሆነ ዙሪያውን የከበበው ሰው ሊነካው አይችልም። አንተም እንዲህ ያለ ነገር ከኤጀንትህና ከጠበቃህ ጋር በሚቀጥለው ውል ላይ ልታነሳ ትችላለህ። ለማንም «የለኝም» ስትል ውሸት አይሆንብህም።

ንግድ ከናፈቀህ አትከልከል፤ ግን ሥራውን ቀድመህ እወቀው። ጁኒየር ብሪጅማን የሚባል የኤንቢኤ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዓመት ያገኘው ትልቁ ደመወዝ 350 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የሬስቶራንት ንግድ ውስጥ ሲገባ ሥራውን ከሥር ከመሠረቱ እዚያው ቤት ውስጥ እየሠራ ተማረ። ቀስ በቀስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች ባለቤት ሆነ። ያንተ ሪዞርት የት እንዳለ በዓይንህ አይተኸዋል? በደብዳቤህ ላይ አልጻፍክም።

ይሉኝታው ላይ እንድረስ፤ እንቅልፍ የነሳህ ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ይመስለኛል።

ለጋሼ በስልክ አትንገራቸው። ቤታቸው ሄደህ፣ ቁጭ ብለህ ንገራቸው። እንዲህ በላቸው፦ «ጋሼ፣ አባት ሆነው ነው ያሳደጉኝ፤ ያንን መቼም አልረሳም። ከዛሬ ጀምሮ ግን ጠበቃዬ ሳያነበው ምንም ወረቀት ላይ አልፈርምም፤ ለማንም ሰው ቢሆን። የማንንም ብድር ዋስ አልሆንም፤ ለወንድሜም ቢሆን። የሪዞርቱን ወረቀቶች ጠበቃዬ ማየት ይፈልጋል፤ እርስዎም ይርዱኝ።» እዚህ ላይ አቁም። ምክንያት አትደርድር። ምክንያት በደረደርክ ቁጥር ለእያንዳንዱ መልስ ይመጣል። ቢቆጡ ተቀመጥና ስማቸው። ቢያለቅሱም ስማቸው። ግን እስክሪብቶ አታንሳ።

ውለታቸውን መክፈል ትፈልጋለህ፣ ይገባልም። መጠኑ በሚታወቅ ነገር ክፈል። በየወሩ የሆነ ያህል ቁረጥላቸው፣ ወይም የሚያስፈልጋቸውን አንድ ነገር ግዛላቸው። ሰጥተህ የጨረስከው ነገር ነገ መጥቶ አያንኳኳብህም።

እናትህን ደግሞ አትውቀሳት። «አታሳፍራቸው» ያለችው ፊርማው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው። ጠበቃው ጋ ይዘሃት ሂድ። ዋስ ያለበትን ዕዳ ባይከፍል ቤት እስከ መሸጥ እንደሚደርስ ከእሱ አፍ ትስማው። ከዚያ በኋላ ጋሼን ማሳፈር የሚለውን ነገር ደግማ ታነሳለች ብዬ አልገምትም። ምናልባትም ካንተ በፊት ጋሼ ቤት የምትደርሰው እሷ ናት።

የፈረሙት ሁለቱ ልጆች ይቀራሉ። «እኔ አልፈረምኩም» ብለህ አትኩራባቸው፤ ይሸማቀቁና ይደብቁሃል። ጠበቃህ ስለ ወረቀቱ ያለህን ንገራቸው፣ የፈረሙትን ቅጂ እንዲያመጡም ጠይቃቸው። ብዙ ጊዜ ቅጂ እንኳ አልተሰጣቸውም። ባንኩ ብድሩን ገና ካልለቀቀ፣ በተለይም የሦስታችሁን ፊርማ አንድ ላይ እየጠበቀ ከሆነ፣ ጠበቃው ለእነሱም ሊያደርገው የሚችል ነገር ሊኖር ይችላል። ብድሩ አንዴ ከተለቀቀ ግን በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ለእነሱ ዓርብን ሳትጠብቅ ዛሬ ማታ ደውልላቸው።